ሰባት ጊዜ የተሸጠ ማር

ቦንጋ፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አሞጽ፣

የጅቡቲ ሙቀት ይብረድልህ፣ የምትጠጣው ውሃ ይቀዝቅዝልህ፣ በሄድክበት ሁሉ የአያትህ የእማሆይ ዙፋን ጸሎት ይቅደምህ። እኛን ከጠየቅህ ጭቃው ነው እንጂ ሌላው ደኅና ነው። የቦንጋን ዝናብ መቼም አትረሳውም።

ይህን በእስክሪብቶ ጽፌ ሰብሌ ልጄ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ስልክ ላይ ልጻፍ ስል አውራ ጣቴ ሁለት ፊደል አንድ ላይ እየረገጠ ያበሳጨኛል፤ ወሬዬ ደግሞ ከስልክ ይሰፋል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ግን ደስ ብሎኛል፤ ለምን ደስ እንዳለኝ በመጨረሻ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ችግሩን። አንተ በሰባኪው አባትህ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ስላደግህ የእኛን የስለት ጨረታ በደንብ ላታውቀው ትችላለህ። የንግሥ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው የተሳለውን ያመጣል፤ ጃንጥላ የሚያመጣ አለ፣ በግ፣ ቅቤ፣ ኮረሪማ የሚያመጣ አለ። ለሕንፃው ማሠሪያ ይጫረታል። ድምፅ ማጉያውን የምይዘው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ወንዶቹ «ሴት ታጫርት?» ብለው አጉረምርመው ነበር፤ የተሰበሰበውን ሲያዩ ዝም አሉ። ዝም ያሰኛቸው ምላሴ ነው። ሰውን በስሙ እየጠራሁ፣ በሚስቱ ፊት እያሞገስኩ፣ ኪሱ እስኪላላ አልለቀውም።

ባለፈው የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዕለት አንድ ገበሬ፣ ሚስቱ በሰላም ስለተገላገለችለት፣ አንድ ባልዲ ነጭ የጫካ ማር ተሸክሞ መጣ። ተጫረተ። ያሸነፈው ባለ ባጃጅ ከፈለና «መልሼ ለኪዳነ ምሕረት ሰጥቻለሁ» አለ። እንደገና ተጫረተ። ያሸነፈችው መምህርት ከፈለችና እሷም መለሰች። እንዲህ እያለ ስድስት ሰው አሸነፈው፣ ስድስቱም መለሱት። ሰባተኛው አንተ ነህ። ጨረታው መሐል ደወልክ፤ የማሩን ነገር ስነግርህ «እትዬ፣ ስሜን አይጥሩ፤ ብቻ ማሩን በእኔ ይዝጉት» አልከኝ። የጠራኸው ገንዘብ ስድስቱ አንድ ላይ ከሰጡት ይበልጥ ነበር። እኔም ስምህን ሳልጠራ «አንድ በሩቅ ያለ ልጃችን» ብዬ እልል አስባልኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም፤ እኔም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ አልጠየቅሁም።

አንዱ ጎረምሳ ይህን ሁሉ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ከግብር ቢሮ ተስፋሁን የሚባል ልጅ መጣ። ከሌላ አካባቢ ተዛውሮ የመጣ፣ ጫማውን ከዚህ ጭቃ እንዴት እንደሚጠብቅ የማይገባኝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። አባ ገብረሚካኤል፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ በረንዳው ላይ ወንበር ሰጡት። «ማሩ ተሸጠ ወይ?» አለ። እኔ እንግዳ ላስደስት ብዬ «ምን ተሸጠ ትላለህ፤ አንዱን ባልዲ ሰባት ጊዜ ሸጥነዋል» አልኩት። «ሰባት ጊዜ መሸጡን ያረጋግጣሉ?» አለኝ። «አገር የመሰከረውን» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። አባ ገብረሚካኤል ቀሚሴን ይጎትቱኛል፣ እኔ ወሬውን ይዤ ሄጃለሁ።

ወረቀቱ ሲመጣ እንግዲህ ሰባት ሽያጭ ይላል። ያለፉት ዓመታት ጨረታ ሁሉ ተደምሮ ሽያጭ ተብሏል። ያንተ ደግሞ፣ ገንዘቡ ከውጭ በባንክ ስለመጣና በምክንያቱ ቦታ «ለማር» ብለህ ስለሞላህ፣ «ወደ ውጭ አገር የተላከ ማር» ተብሏል። ቅሬታ አቀረብን፤ አልተቀበሉንም። ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ ከተጠየቀው ከፊሉን ማስያዝ ግድ ነው ተባልንና ለጣሪያው ቆርቆሮ የተቀመጠውን ገንዘብ አስያዝን። አዲሱ ሕንፃ ግድግዳው ቆሞ ራቁቱን ዝናብ ይመታዋል። ከተረታን የተያዘው ይቀራል፣ ስለት ማጫረትም ከዚያ በኋላ በደረሰኝ ነው። ጣሪያውን እንርሳው ማለት ነው።

ጠበቃችን ምሥራቅ ትባላለች፣ የዚሁ የቦንጋ ልጅ፣ ቀጭን፣ ስትናገር እንደ ሚስማር የምትመታ። ስድስቱ ሰዎች ቀርበው ይመሰክራሉ። የጎደልከው አንተ ነህ። «ማሩን አልወሰድኩም፤ ስለት ነው፤ የተሳልኩትም ስለዚህ ነገር ነው» የሚል የተረጋገጠ ቃል በጽሑፍ ላክልን። ብር አይደለም የምለምንህ። አየህ፣ ደስታዬ ይኸው ነው፤ እኔና አባትህ የእህትማማች ልጆች ሆነን ከአያትህ ቀብር ወዲህ ሰላምታችን የመንገድ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ልጁ እኔ ዘንድ ደወለ። ለዚህ ዓመቱን ሙሉ እልል ብል አይበዛብኝም።

ደግሞ እርስዎ ማለቱን ተውልኝ። ቢሮ አይደለሁም።

የምትወድህ አክስትህ በላይነሽ


ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ በላይነሽ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ፤ ከነሰብሌ በደስታ እንደዋላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ኔትወርክ ስለሚጠፋ ለመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደብዳቤዎን ሳነብ የበረንዳው ወሬ ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ስለ ጣሪያው ግን አዘንኩ። ለቆርቆሮ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ይድረስዎ። ስለ ቃሉ ግን፣ ሥራው ስለማያፈናፍነኝና ማረጋገጫ የሚሰጥ ቢሮ ቅርቤ ስለሌለ፣ ለጊዜው አይመቸኝም። ስድስቱ ምስክሮች የሚበቁ ይመስለኛል።

አንድ ልመና አለኝ። ይህን ነገር ለአባቴ አይንገሩብኝ።

አክባሪዎ አሞጽ


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አሞጽ፣

ትንሣኤው ከሐሳብህ ያንሣህ። ገንዘብህ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ግን ወረቀት ስንለምንህ ብር ልከህ በምክንያቱ ቦታ «ለቆርቆሮ» ብለህ ሞላህበት። አባ ገብረሚካኤል ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። ተስፋሁን ይህን ካየ ቦንጋ ቆርቆሮም ለጅቡቲ መሸጥ ጀመረች ይለናል። ምሥራቅ ሳቋ አልቆም ብሏት ከቆየች በኋላ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይነካ ብላ በባንክ አስቀምጣዋለች።

ስድስቱ ይበቃሉ ላልከው፣ አይበቁም። የግብር ቢሮው ነገረ ፈጅ ባለፈው ቀጠሮ ምን አለ መሰለህ፤ «ስድስቱ የደብሩ ምእመናን ናቸው፣ ተመሳጥረውም ሊሆን ይችላል። ሰባተኛው ግን በውጭ ያለ፣ ስሙን የደበቀ፣ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ነው። ነጋዴ ካልሆነ ለምን ይደበቃል?» ዳኛዋ ጎበዝ ሴት ናት፤ ሁለቱንም ወገን እኩል ታዳምጣለች፤ እሷም ይህን ጥያቄ አሰመረችበት። ሰኔ ውስጥ የመጨረሻው ምስክር ይሰማል።

አሁን ደግሞ እንደ አክስት ልናገር። የሰብሌ ጓደኛ ባል ጅቡቲ ነው፤ በየቀኑ ፊቱን እያሳየ ይደውላል፤ ያን ያህል ኔትወርክ ጠፋበት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። የደበቅከውን አልጠይቅህም። አባትህን መፍራትህ ከሆነ ግን ይገባኛል። እማሆይ ዙፋንን ስንቀብር አልረሳውም፤ እሱ በእምነቱ ምክንያት ቅጥር ግቢው ውስጥ አልገባም አለ፣ ከእኛም ወገን «አይግባ» ያሉ ነበሩ፣ እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነበርኩ። ዝናቡ እየወረደ፣ ጥቁር ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እናቱን ቀበረ። ያን ጃንጥላ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ባየሁት ቁጥር ዓይኔን እሰብራለሁ።

ይኸው አባትህ በየእሑዱ «ጅቡቲ ላለው ልጄ» እያለ እንደሚያስጸልይልህ ጎረቤቶቹ ይነግሩኛል። የሙቀቱን ነገር ሳይቀር እያነሣ ነው አሉ።

ባይመችህም ጻፍልኝ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን።

በላይነሽ


ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በላይነሽ፣

ሰላምታዬ ከሩቅ ይድረስዎ። ዛሬ የምጽፍልዎ ከወደብ ነው፤ የጅቡቲ ወደብ ግን አይደለም።

ጅቡቲ ቢሮ ውስጥ የሠራሁት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሠራው የጭነት መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። አባቴ ባሕር እንደሚፈራ ያውቃሉ፤ የጎጀብን ድልድይ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሻገረው። የብስ ላይ ነኝ ስለው ድምፁ ሲረጋጋ ሰማሁና ከዚያ በኋላ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

ባለፈው ሐምሌ ከባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ሳንወጣ መርከባችን ተመታች። ማን እንደመታን ለእኛ ለታች ሰዎች ለውጥ የለውም። መብራት ጠፋ፣ ውሃ መግባት ጀመረ፣ በሩ ተጣሞ አልከፈት አለ። አብሮኝ የነበረው ፊሊፒናዊ በቋንቋው ይጸልያል። እኔም አፌን ከፈትኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጸሎት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው የአያቴ ቃል ነበር። በጀርባዋ አዝላኝ የኪዳነ ምሕረትን ዳገት ስትወጣ፣ ሲያዳልጣት ትለው የነበረውን። «ኪዳነ ምሕረት፣ ደግፊኝ፣ አንቺን አልረሳም» አልኩ። ተስዬ ነበር ማለት ነው። በሩ ከላይ በኩል ተቆርጦ አወጡን።

አሁን ይህን ጽፌ ብልክልዎ በችሎት ይነበባል፤ ቦንጋ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። አባቴ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ይሰማል፤ ልጁ እንደዋሸው፣ ደግሞም በጭንቁ ሰዓት እሱ ባስተማረው ሳይሆን በሌላ እንደተማጸነ። የትኛው ይበልጥ እንደሚሰብረው አላውቅም። ከእሱ እምነት አልወጣሁም፤ የማምነውንም በደንብ አላውቀውም። ቃል ገብቼ ነበር፣ ቃሌን ሞላሁ፣ ይኸው ነው።

ጣሪያውንም አስባለሁ። ምን ላድርግ?

አሞጽ


ቦንጋ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣ ዓይኔ፣

ከውሃው ያወጣህ ይክበር ይመስገን። ደብዳቤህን ሱቄ ውስጥ፣ ኮረሪማ እየለቀምኩ ሰብሌ አነበበችልኝ፤ ኮረሪማው ከእጄ ተበተነ። አንድ ደንበኛዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት ታለቅስ ጀመር፤ «ተርፎ ነው» ብላት ጭራሽ ባሰባት።

ምን ላድርግ ላልከው፣ አክስትህ ብዙ የምትናገር ሴት ናት፣ በዚህ ላይ ግን የምትለው ጥቂት ነው። ካልፈለግህ አትላክ። አባ ገብረሚካኤልን ማንነትህን ሳልነግር «የአንድ ሰው ስለት ቤቱን የሚያፈርስበት ከሆነስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኪዳነ ምሕረት ልጆቿን እያጣላች ጣሪያ አትፈልግም» አሉኝ። እኔም እንደሳቸው ነኝ።

አንድ ነገር ግን ልደብቅህ አልችልም፤ አንተ የደበቅከው ይበቃል። የአባትህ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተዋል። እነሱም በመከር ጊዜ ምእመኑ የመጀመሪያውን ቡናና ዶሮውን ሲያመጣ እንደኛው ያጫርታሉ፤ ነገ እኛም ላይ ይመጣል ብለው ፍርዱን ቁጭ ብለው ሊሰሙ ወስነዋል። የተመረጠው ሰው አባትህ ነው። ምሥራቅ ቢሮ መጥቶ የቀጠሮውን ቀን ጠይቋል። እኔ እዚያ ነበርኩ። እጅ ነሣሁት፤ እሱም ባርኔጣውን አነሣልኝ፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን።

እንግዲህ ቃልህ ከተነበበ፣ ከሰው አፍ ሳይሆን በራሱ ጆሮ ይሰማዋል። ይህ የሚሻል ይሁን የሚከፋ አንተ ታውቃለህ፤ አባትህ ነው።

በላይነሽ


ሙምባይ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ቃሉን ጽፌያለሁ። እዚህ ያለው ቆንስላችን አረጋግጦልኝ ለምሥራቅ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። የመርከቡን ነገር፣ የጅቡቲውንም ውሸት፣ ሁሉንም ነው የጻፍኩት። ስሜም ይጠራ።

ከዓመት ወዲህ አባቴ ለሌላ ሰው ሲጸልይ ኖሯል። እኔ ያልነበርኩበት አገር ላለ ልጅ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ያ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሲነበብ ዓይኑን እይልኝ። ከዚያ እንዳለ ንገሪኝ፣ አታሳምሪልኝ።

አሞጽ


ቦንጋ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ አሞጽ፣

አንቺ ስላልከኝ ምርቃቴ እጥፍ ነው፤ ባሕሩ እንደ ሜዳ ይነጠፍልህ። ሳላሳምር እነግርሃለሁ፤ ግን በቅደም ተከተል ካልሆነ ስለማይሆንልኝ ታገሠኝ።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። በግራ የእኛ ነጠላ፣ በቀኝ የአባትህ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ኮትና ክራቫት፣ መሐል ላይ ባለ ባጃጆቹ። ማሩ እንዲቀርብ ታዞ ስለነበር አባ ገብረሚካኤል ባልዲውን አቅፈው ገቡ፤ በር ላይ ያለው ፖሊስ ክዳኑን አስከፍቶ አሽትቶ «እሺ» አለ። ረግቶ፣ ነጭ ሆኖ፣ ማንም ጣቱን ያላስገባበት ማር ነው።

መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ነገረ ፈጁ አዋቂ ሰው ነው፤ አልጮኸብኝም። ቢሮው እምነታችንን እንዳልነካ፣ ማንም እንዳይጸልይ እንዳልከለከለ፣ የጠየቀው ገንዘብ በተቀባበለ ሰው መካከል ያለውን ሽያጭ ብቻ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎ በገበያ ማር ይሸጣሉ፤ በየዓመቱም ግብርዎን ይከፍላሉ። የእርስዎ ማር ከዚህ ማር በምን ይለያል? ጎረቤትዎ ያለች ሻጭ እየከፈለች ደብሩ የማይከፍለው ለምንድን ነው?» አለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ከዚያ አፌ መጣልኝ። «ጌታዬ፣ እኔ በሱቄ አንዱን ባልዲ ማር ለሰባት ሰው ብሸጠው፣ ሰባቱም ተሰብስበው ይመጡብኛል፤ እርስዎም በማታለል ይከሱኛል። እዚያ ግን ሰባቱም መርቀውኝ ሄዱ። ሽያጭ ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ሌባ ባሉኝ ነበር» አልኩት። ባለ ባጃጆቹ ሳቁ፤ ዳኛዋ ጠረጴዛዋን መታ መታ አደረገች፣ ግን ቀና ስትል ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ምሥራቅ እዚያው ላይ ተነሣች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሃያ ሰባት ሰው እምነቱን በተግባር የመግለጽ መብት እንዳለው እንደሚናገር አነሣች፤ የስለት ጨረታ ከአምልኮው የሚለይ ገበያ ሳይሆን አምልኮው ራሱ እንደሆነ አስረዳች።

ዳኛዋ ስድስቱን በየተራ እያስነሣች «ይህ ማር የእርስዎ ነው?» አለች። «አይደለም» አሉ ስድስቱም። መምህርቷ «የእኔ ቢሆን እስከ ዛሬ ልጆቼ ይጨርሱት ነበር» አለች።

ቀጥሎ ያንተ ቃል ተነበበ። ምሥራቅ ናት ያነበበችው፣ ቀስ ብላ። ስምህ ሲጠራ አባትህን አየሁት። በቀኝ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ። «ጅቡቲ አልነበርኩም» የሚለው ሲነበብ አልተነቃነቀም። በሩ አልከፈት አለ ሲባል ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ። የእናቱ ቃል ሲነበብ፣ «ደግፊኝ፣ አንቺን አልረሳም» የሚለው፣ ዓይኑን ጨፈነ። አለቀሰ አልልህም፤ አላለቀሰም። ጎጀብን ሲሻገር የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ዳኛዋ፣ ያልቀረበው ገዢ ማሩን የሚረከብለት ወኪል ወይም ዘመድ እንዳለ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ ማሩ የእሱ ነው ቢል ማን ይወስድለታል ማለቷ ነው። ምሥራቅ እኔን አየች። ልነሣ ቀሚሴን ስሰበስብ አባትህ ተነሣ።

«አባቱ ነኝ» አለ።

«ማሩን ለልጅዎ ይረከባሉ?»

ወገኖቹ ሁሉ ቀና ብለው ያዩታል፤ የእኛም ወገን ያየዋል። ሰባኪ ሆኖ እንዲህ ያለውን ስለት ስንት ጊዜ እንደነቀፈ ሁሉም ያውቃል። እኔ በሆዴ ከአጥሩ ውጭ የቆመውን ጃንጥላ አያለሁ።

«እኔ በዚህ ዓይነት ስለት አላምንም» አለ። «ልጄ ግን ተስሏል። የተሳለውን ደግሞ እግዚአብሔር ተቀብሎታል፤ ይኸው በሕይወት አለ። የእግዚአብሔር የሆነውን ነገር ከቤቱ አውጥቼ ቤቴ አላስገባም። ማሩ ባለበት ይቆይ።» ተቀመጠ። ነገረ ፈጁ ጥያቄ እንዳለው ሲጠየቅ የለኝም አለ፤ አነጋገሩም የአክብሮት ነበር።

ፍርዱ ትናንት ተሰጠ። በስለት የመጣ ነገር በንግሥ ዕለት መጫረቱ የእምነት ተግባር ነው እንጂ ንግድ አይደለም፤ የተጣለው ግብር ተሽሯል፤ የተያዘው ገንዘብ ይመለስ ተብሏል። በቅጥሩ ዙሪያ ካከራየናቸው ሁለት ሱቆች ግን እንደ ማንኛውም አከራይ ክፈሉ ተባልን። አባ ገብረሚካኤል «ይገባል፣ እሱማ ኪራይ ነው» ብለው ወዲያው ተቀበሉ። የቀኝ ረድፍም እልል አለ፤ ክራቫት ያሰረ ሰው እልል ሲል ያየሁት ትናንት ነው።

ተስፋሁን በረንዳው ላይ ጠብቆኝ «እትዬ፣ እኔ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አለ። «አውቃለሁ ልጄ፣ እኔ ነኝ ብዙ የነገርኩህ» አልኩት። ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ጠርቼዋለሁ፤ ጫማ ግን ቦት አድርግ ብዬዋለሁ።

አሁን ወደምትፈልገው ልምጣ። ትናንት ከፍርዱ በኋላ አባትህ የመጨረሻ ሆኖ ወጣ። ዝናብ ነበር። ያንኑ ጥቁር ጃንጥላ ዘረጋና እኔ ነጠላዬን ራሴ ላይ ሳደርግ አይቶ ከጎኔ መጣ፤ አካፍሎ አስጠለለኝ። እስከ ሱቄ ድረስ እንዲሁ ሄድን። እኔ፣ በላይነሽ፣ ያን ሁሉ መንገድ አንድ ቃል ሳልተነፍስ። ሱቁ ደጃፍ ስንደርስ «ያ በር፣ ከላይ ነው የቆረጡት?» አለኝ። ቃሉ ላይ እንዳለው ነው አልኩት። «ሌላስ አልጻፈልሽም?» አለኝ። «ጋሽ ፍቅሩ፣ ልጅህ ነው፤ ራሱን ጠይቀው» አልኩት። የያዘው ቁጥር የጅቡቲው ነው፣ ከተዘጋ ዓመት የሆነው። አዲሱ ሰብሌ ስልክ ላይ ነው ያለው። ነገ ከገበያ በኋላ እመጣለሁ ብሎ ሄደ፤ ዛሬ ማለት ነው።

ከመጣ ስልኩን አንሣ። ባሕር መሐልም ብትሆን።

ቆርቆሮው ሰኞ ይጫናል። ያ «ለቆርቆሮ» ብለህ የላክኸውም አብሮ ገብቷል፤ እንግዲህ በስንተኛው ቆርቆሮ ሥር እንዳለህ አንተ ምረጥ።

አክስትህ በላይነሽ


ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ በላይነሽ፣

እጅሽን እስማለሁ፤ የአባ ገብረሚካኤልንም ሳሚልኝ። እንኳን ጣሪያው ተመታ።

ደወለ። በሰብሌ ስልክ፣ ሱቅሽ ውስጥ ሆኖ፤ ከኋላ ያንቺ ድምፅ ደንበኛ ሲያባብል ይሰማ ነበር። አባቴ መጀመሪያ ስለ ላሚቱ ነገረኝ። ወለደች፣ ጥጃው ወንድ ነው። ስለ ቡናው ነገረኝ፣ ዘንድሮ ጥሩ አፍርቷል። ከቤቱ ጓሮ ያለው ዛፍ በነፋስ ወድቆ አጥሩን እንደሰበረው ነገረኝ። እኔም እሺ፣ እሺ እላለሁ። ስለ ስለቱ የሚያነሣ መስሎኝ ነበር። አላነሣም። ለምን ዋሸኸኝም አላለኝም።

ከዚያ ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» አልኩት።

«ጅቡቲ ይሞቃል እያልኩ ነበር የምጸልየው» አለኝ። «ዓመቱን ሙሉ ለሙቀቱ።»

ይቅርታ አድርግልኝ ልል ስጀምር አቋረጠኝ። «አሁን የት ነህ? እውነቱን ንገረኝ፣ ለእሑድ ልያዘው» አለኝ።

ከኮሎምቦ ወጥተን ወደ ደቡብ እየሄድን መሆናችንን፣ ሦስት ቀን መሬት እንደማናይ፣ ነፋሱ ከምዕራብ እንደሆነ፣ ማዕበሉም መጠነኛ እንደሆነ ነገርኩት።

«ቀስ በል» አለኝ አባቴ። «አንድ በአንድ ድገምልኝ።»

አሞጽ